የማይጠለፈው ስልክና የማሾ ዋጋ

ጋሼ ወደ ሱቄ የመጡት ኅዳር 2017 አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። የጦሳ ተራራ ብርድ ገና አልለቀቀም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡና ሁለት ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንዱ ጥጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ሳምሰንግ ነው። ሌላው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከነካርቶኑ። ካርቶኑ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተስሏል።

«ይኼኛው አይጠለፍም ተብሎ ነው የተላከልኝ» አሉ።

«እና?»

«ተጠለፈ።»

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቻርጅ አልገባም ያለውን አጸዳለሁ፣ ፍላሽ አደርጋለሁ። «ስልኬ ተጠልፏል» የሚል ሰው በሳምንት አንድ ሁለት አይጠፋም። አብዛኛው አልተጠለፈም። ባትሪው አርጅቶ ይሞቃል፣ ወይ ስለ ጫማ ሲያወራ ውሎ ፌስቡክ ጫማ አሳይቶት ደንግጧል። የጋሼ ግን ለየት ይላል። ማስረጃቸው ብር ነው።

ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ትቻለሁ፣ የሚያስለያቸውንም ነገር አለሳልሼዋለሁ።

ሁልጊዜ ሃያ ብር

ጋሼ ማሾ ነጋዴ ናቸው። ሐርቡና አካባቢው ቆላ ላይ የተመረተውን በሦስት ወኪል ያስገዛሉ፣ ያከማቻሉ፣ ወደ አዲስ አበባ ይጭናሉ። በምርት ሰሞን ዋጋ በየቀኑ ይለዋወጣል። ስለዚህ ማታ ማታ ለወኪሎቻቸው በቴሌግራም «ነገ በኩንታል እስከዚህ ድረስ ግዛ» ብለው ይጽፋሉ። ወኪሉ ጎህ ሲቀድ ይወጣል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አንድ ሌላ ነጋዴ ቀድሟቸው መድረስ ጀመረ። መቅደሙ አይደለም የገረማቸው። ሰውየው የሚጨምረው ሁልጊዜ ሃያ ብር ነው፣ ቢበዛ ሠላሳ። መቶ ብር ጨምሮ አያውቅም። ገበያውን በግምት የሚገዛ ሰው አንዳንዴ ይበዛበታል፣ አንዳንዴ ያንሰዋል። ይኼኛው ግን የእሳቸውን ዋጋ አይቶ፣ በላዩ ላይ የቡና ብር ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ወኪሎቻቸውን ነው። ማን አይጠረጥርም? ከሦስቱ አንዱን፣ አሥር ዓመት አብሯቸው የሠራውን ሰው፣ አሰናበቱት። ማስረጃ አልነበራቸውም። «ፊቱ ተለወጠብኝ» ነው ያሉኝ። በቦታው ሌላ ቀጠሩ። ዋጋው ግን መውጣቱን አላቆመም። ያኔ ነው «ስልኬ ነው» ያሉት። ዱባይ ያለ የእህታቸው ልጅ ይኼን ጥቁር ስልክ ገዝቶ ላከላቸው። የደህና ሰንጋ ዋጋ ወጥቶበታል። ስልኩ በመጣ በሳምንቱ ያ ነጋዴ እንደገና ሃያ ብር ጨምሮ ገዛ።

ጥቁሩ ስልክ

አጥፍቼ አበራሁት። ከአርማው በፊት ጥቁር ስክሪን ላይ ብርቱካናማ ማስጠንቀቂያ መጣ። ጥቂት ሰከንድ ቆየና ጠፋ። ጋሼ በየቀኑ ያዩት ነበር። «ሲነሳ እንደዚህ ነው ጸባዩ» አሉኝ።

ይቺ ብርቱካን ብዙ ትናገራለች። አንድሮይድ ስልክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃው ቡትሎደር ይባላል። ሥራው የሚጫነው ሲስተም ያልተነካካ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፣ እንደ ዘበኛ በለው። ብርቱካናማው ማስጠንቀቂያ «ዘበኛው ከሥራው ተነስቷል፣ የሚገባው አይፈተሽም» ማለት ነው። ቡትሎደሩ ክፍት ነው። ስልኩን ለጥቂት ደቂቃ የያዘና ኬብል ያለው ሰው የፈለገውን ሊጭንበት ይችላል፣ ስልኩም አይቃወምም። አይጠለፍም ተብሎ የተሸጠ ቀፎ ከሳጥኑ ሲወጣ በሩ ተከፍቶ ነው የመጣው።

ቀጥዬ ሴቲንግ ገባሁ። አንድሮይድ 10። የመጨረሻው የደህንነት አፕዴት ማርች 5፣ 2021 ይላል። ያኔ ያለነው ኖቬምበር 2024 ላይ ነበር። ጎግል በየወሩ የአንድሮይድን ቀዳዳዎች ዝርዝር ያወጣል፣ መድፈኛውንም አብሮ። ዝርዝሩን ግን የሚያነበው ስልክ ሠሪ ብቻ አይደለም። ሌባም ያነበዋል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ተኩል አፕዴት ያላገኘ ስልክ የቀዳዳዎቹ ካርታ ገበያ ላይ የተለጠፈበት ስልክ ነው። የእኔ ተራ ቴክኖ ከእሱ ይሻል ነበር፣ ይኼን ስላቸው ጋሼ ትንሽ ከፋቸው።

ምስጢራዊ የተባለ የመጻጻፊያ አፕም ተጭኖበታል። ከፈትኩት። የሚሠራው ሁለቱም ሰዎች ያንኑ ዓይነት ስልክ ከያዙ ብቻ ነው።

«ሐርቡ ይኼ ስልክ ያለው ሰው አለ?»

«ኧረ የለም።»

«ኮምቦልቻስ?»

ሳቁ። በዓለም ላይ ብቻቸውን የሚያወሩበት አፕ ነው። እሳቸውም ትተውት እንደ ድሮው ቴሌግራም ይጽፉ ነበር።

ከማን?

ቡና አስመጣሁና አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ከማን ነው የሚደብቁት?»

«ከሁሉም።»

ለእንዲህ ዓይነት ስልክ ሻጭ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም። «ከሁሉም» ያለ ሰው ምን እንደገዛ መፈተሽ አይችልም። ያ ነጋዴ አንድ ነገር ነው። ስልክ መንጭቆ የሚሮጥ ሌባ ሌላ ነው። የት እንደዋልክ መዝግቦ ለማስታወቂያ የሚሸጥ ኩባንያ ሦስተኛ ነው። መንግሥት ደግሞ፣ የየትኛውም አገር መንግሥት፣ ሌላ ዓለም ነው። ለአንዱ የተሠራ አጥር ለሌላው ክፍት ሜዳ ሊሆን ይችላል።

የእነዚህን ስልኮች ታሪክ ትንሽ ልንገራችሁ፣ የሚያዝናና ነገር አለው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ብላክፎን የሚባል ስልክ ወጣ። ከጀርባው የነበረው ሳይለንት ሰርክል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፊል ዚመርማን፣ ኢሜይልን የሚያመሰጥረውን ፒጂፒን የሠራው ሰው ነው። እንግዲህ አዋቂ ጠፍቶ አይደለም። ሆኖም በ2015 መጀመሪያ አንድ ተመራማሪ የስልኩ ምስጢራዊ መልእክት መላኪያ ራሱ ቀዳዳ እንዳለበት አሳየ። ሆን ተብሎ የተበላሸ መልእክት በመላክ ብቻ ስልኩ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር። ኩባንያው ደፈነው። ማንም ሰው የጻፈው ሶፍትዌር ስህተት አያጣም፣ ቁም ነገሩ ቶሎ የሚደፍን ባለቤት መኖሩ ነው።

ከዚያ ኤንክሮቻት መጣ። አንዳንዶቹ ቀፎዎቹ ካሜራቸው፣ ማይክራቸውና ጂፒኤሳቸው ተነቅሎ ነበር የሚሸጡት። ወደ 60,000 ደንበኛ ነበረው፣ ብዙው አውሮፓ ውስጥ ያለ ወንጀለኛ። የፈረንሳይ ፖሊስ ሰርቨሩ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ሩቤ ከተማ መሆኑን ደርሶበት በ2020 በዚያው በኩል ስልኮቹ ላይ የስለላ ሶፍትዌር ጫነባቸው። ወራት ሙሉ ከሆላንድ ፖሊስ ጋር ሆነው መልእክቱን እያነበቡ ከረሙ። ኩባንያው ሰኔ ላይ ደርሶበት ለደንበኞቹ «ስልኩን አጥፍታችሁ ጣሉት» ብሎ ጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አኖም ግን ይብሳል። መልእክት መላኪያው ካልኩሌተር ውስጥ ተደብቋል። ቁጥር ስታስገባ ይከፈታል። ወደ 12,000 ቀፎ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ተሰራጨ። ጁን 2021 ላይ ኤፍቢአይ ወጥቶ «የእኛ ነው» አለ። እያንዳንዱ መልእክት ሲላክ አንድ ቅጂ ለእነሱ ይሄድ ነበር። ወደ 27 ሚሊዮን መልእክት አነበቡ። ከ800 በላይ ሰው ተያዘ። ይኼን ስነግራቸው ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ሌባው ከዘበኛው ጋር ነው ውል የገባው በለኛ!» አሉ።

በዚያው በ2021 አሜሪካ ውስጥ ፍሪደም ፎን የሚባል ስልክ በ500 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ነጻነት የሚፈልግ ይግዛ ተባለ። ቀፎው ሲታይ ዩሚዲጂ የተባለ የቻይና ኩባንያ የሠራው ርካሽ ስልክ ነው። የጋሼ ጥቁር ስልክ የዚህ ዘመድ ይመስለኛል። ተራ ቀፎ፣ አዲስ ቀለም፣ የቁልፍ ስዕል።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ሊብረም 5 የሚባለው ማይክና ካሜራውን፣ ዋይፋይና ብሉቱዙን፣ ሲም የሚሠራበትን ሞደም በጎኑ ባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ኤሌክትሪክ ያቋርጥባቸዋል። ይኼ እውነተኛ ነገር ነው። ግን ከባድ፣ ዘገምተኛ፣ ለጋሼ የማይሆን ነው። እኔ የማደንቀው ግራፊንኦኤስን ነው፣ ለደህንነት ተብሎ የተጠናከረ የአንድሮይድ ሲስተም። ኩባንያ አይሸጠውም፣ በነጻ ይጫናል፣ የጎግል ፒክስል ላይ። የሚያስቅ ነው፣ ከጎግል መሸሽ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የጎግልን ስልክ ይገዛል። ምክንያት አለው። ፒክስል ሌላ ሲስተም ጭነህበት ቡትሎደሩን እንደገና እንድትቆልፈው ይፈቅዳል። የይለፍ ቃል ሙከራ የሚቆጥር ለብቻው የሆነ ቺፕም አለው። ግራፊንኦኤስ በተለመደው አሠራሩ ለ18 ሰዓት ያልተከፈተ ስልክን ራሱ አጥፍቶ ያስነሳዋል፣ የተሰረቀ ስልክ እንደገና ጥብቅ ብሎ እንዲዘጋ።

ይኼ ሁሉ ሆኖም በሲም የሚሠራ ስልክ ከሁለት ነገር አያመልጥም። አንደኛው ሞደሙ ነው። ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ውስጡን የሚያውቀው ሠሪው ብቻ። ማርች 2023 የጎግል ተመራማሪዎች የሳምሰንግ ኤክሲኖስ ሞደሞች ላይ 18 ቀዳዳ ማግኘታቸውን ይፋ አደረጉ። በአራቱ አጥቂው ስልክ ቁጥርህን ብቻ አውቆ መግባት ይችል ነበር። ፒክስል 6 እና 7ም ከተጠቂዎቹ ውስጥ ነበሩ። ሁለተኛው አንቴናው ነው። ሲም ያለበት የበራ ስልክ የትኛው አንቴና ሥር እንዳለ ሳይናገር መደወል አይችልም። ሐርቡ ከሆንክ ሐርቡ መሆንህን ኔትወርኩ ያውቃል፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቀፎ ያዝ።

ከላይ ደግሞ ፔጋሰስ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር አለ። ምንም ሳትነካ፣ ሊንክ ሳትከፍት፣ ሙሉ በሙሉ አፕዴት የተደረገ አይፎን ውስጥ የገባባቸው ጊዜያት አሉ። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፣ የሚሸጠውም ለመንግሥታት ነው። ጋሼን «አብሽሩ፣ ለሃያ ብር ብሎ ማንም ይኼን አይገዛም» አልኳቸው።

የእኛም አገር ስም በዚህ ጉዳይ ተነስቷል። ሲትዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ የስለላ መሣሪያ ዒላማ መደረጋቸውን ጻፈ። ዲሴምበር 2017 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ኢሜይል ተልኮላቸው፣ ቪዲዮ ለማየት «አዶቢ ፍላሽን አድስ» የሚል የውሸት ገጽ እንደቀረበላቸው አወጣ። ልብ በሉ። በእነዚህ በሁለቱ መንገዱ ሰውን አታልሎ ፋይል ወይም ሊንክ ማስከፈት ነበር።

ሦስት ዋጋ

ወደ ማሾው ልመለስ። እኔ እስካሁን ቀፎው ላይ አፍጥጬ ነበር። ጋሼም ቀፎ ይዘው ስለመጡ። ግን ዋጋው በአሮጌው ስልክም በአዲሱም ከወጣ፣ የሁለቱ የጋራ ነገር ምንድን ነው? ያው ሰው፣ ያው ሲም፣ ያው ቴሌግራም።

እሑድ ማታ አንድ ነገር ሞከርን። ጋሼ ቀድመው ሦስቱን ወኪሎች በአካል አገኟቸውና «ነገ የምነግራችሁን ዋጋ እንዳትሠሩበት፣ ዝም ብላችሁ ገበያ ዋሉ» አሏቸው። ከዚያ ለአንዱ በተራ ስልክ ደወሉ፣ ከገበያው በ40 ብር ዝቅ ያለ ዋጋ። ለሁለተኛው ሲግናል የሚባለውን የመልእክት አፕ ጭነንለት ነበር፣ በዚያ በ60 ብር ዝቅ ያለ ላኩ። ለሦስተኛው በተለመደው ቴሌግራም። እሱ ላይ በ90 ብር ከፍ አደረጉት፣ «አዲስ አበባ ተወዷል» የሚል ማሳመኛ ጨምረው። ይቺ ማሳመኛ የእሳቸው ፈጠራ ናት፣ እኔ የለሁበትም።

ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ተለውጧል። ያ ነጋዴ ከገበያው በ110 ብር ከፍ አድርጎ ሁለት መኪና ማሾ ሰብስቧል። የቴሌግራሙን ዋጋ ወስዶ፣ ሃያዋን ጨምሮ።

አንድ ጊዜ ምናልባት አጋጣሚ ነው ብዬ ሐሙስ ደገምነው፣ ቁጥሩንና ሰዎቹን አቀያይረን። ያው ሆነ። ወኪሎቹ ነጻ ናቸው። ሲግናሉም ጥሪውም አልወጡም። የሚያፈሰው ቴሌግራሙ ነው።

ያን ቀን ነው መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ያየሁት። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ አካውንቱ የተከፈተባቸው መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። ሦስት ነበሩ። ጥቁሩ ስልክ። አሮጌው ሳምሰንግ። ሦስተኛው ዊንዶውስ ኮምፒውተር፣ «ኦንላይን» ይላል። አሁን፣ እኛ እያየነው።

ከሥሩ አዲስ አበባ የሚል ቦታ ተጽፏል። ጋሼ ብድግ አሉ። «አላልኩህም! አዲስ አበባ ያለው ደላላ ነው!» አረጋጋኋቸው። ቦታው ከኢንተርኔት አድራሻው የሚገመት ነው። እዚሁ ሱቄ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተሬን አስከፍቼ አሳየኋቸው፣ እሱም አዲስ አበባ አለ።

«ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ያውቃሉ?»

«እኔ ኮምፒውተር የት አውቄ!»

ዝም አልን። ትንሽ ቆይተው «ያኔ ዳታ ሲጠፋ...» አሉ።

በ2015 መጨረሻ ላይ በክልሉ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ብዙ ነገር ቆሞ ነበር። ሰው ዋይፋይ ያለበትን ቤት እየፈለገ ይሄድ ነበር። ጋሼ ደሴ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ ሆኑ። የጭነት ወረቀታቸውን ያትማሉ፣ በዚያው መልእክት ያያሉ። አንድ ቀን ልጁ «ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ከዚሁ እናውጣው» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ኮድ በስልካቸው እንዲያነሱ አደረጋቸው። አነሱ። ወረቀቱ ታተመ። ከፍለው ወጡ። ኮምፒውተሩ ግን አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ መልእክት በሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ እየደረሰ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ።

ልጁን አልወቅሰውም። በቀን ስንት ሰው ያንን ኮምፒውተር ይነካዋል። የዚያ ነጋዴ ጸሐፊም እዚያው ነበር የሚያሳትመው፣ ይኼን ጋሼ በኋላ አረጋገጡ። መስኮት ክፍት ትተህ የሄድክበትን ቤት አልፎ ሂያጅ ሁሉ ያየዋል።

አዲሱ ስልክ ለምን እንዳላዳናቸው እዚህ ጋ ይገባችኋል። የቴሌግራም ተራ ጽሑፍ የሚቀመጠው ቀፎው ውስጥ ብቻ አይደለም፣ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ከመላኪያ እስከ መቀበያ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ራስህ ካልከፈትከው አይከፈትም። ስለዚህ ስልክ ስትቀይር የምትቀይረው የምታይበትን መስኮት ነው። እንግዳው ግን ሳሎን ተቀምጧል። ግራፊንኦኤስ ያለበት ፒክስል ከመጀመሪያው ቢገዙም ኖሮ ውጤቱ ያው ነበር። ኤፍቢአይ እንኳ ያልሰበረው ስልክ ቢሆን፣ ኮፒ ቤቱ ያነበው ነበር።

ሲሙ የማን ነው?

ኮምፒውተሩን ከዝርዝሩ ማስወጣት ሁለት ሰከንድ ፈጀ። ጋሼ ራሳቸው እንዲነኩት አደረግሁ። ቀይዋን ነኩ፣ ጠፋ። «በቃ?» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው። አንድ ዓመት ያከሰራቸው ነገር እንዲህ በቀላሉ መሄዱ ያናድዳል።

ከዚያ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ልናደርግበት ስንል ሲሙ በማን ስም እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ይኼን ጥያቄ ለሁሉም ሰው እጠይቃለሁ። ሲሙ በስሙ የሆነ ሰው ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ «ጠፍቶብኛል» ብሎ ምትክ ማውጣት ይችላል። ምትኩ ሲወጣ ያንተ ይሞታል፣ የቴሌግራሙም የባንኩም ኮድ ወደ እሱ ይሄዳል።

ጋሼ ዝም አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«በእሱ ስም ነው» አሉ።

«በማን?»

«በዚያ ባባረርኩት።»

ከአሥር ዓመት በፊት ሥራ በዝቶባቸው፣ «ሂድና በመታወቂያህ አውጣልኝ» ብለው የላኩት እሱን ነው። እንግዲህ የሌብነት ነገር ያሳበቡበት ሰው የሁሉም ነገር ቁልፍ በኪሱ ነበር። ቁጥራቸውን፣ ቴሌብራቸውን፣ ከስልኩ ጋር የተያያዘውን ሂሳብ። ተባርሮ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ወራት ሙሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ቀን አልነካውም።

ስሙን ለማዛወር ደግሞ ሰውየው በአካል መምጣት አለበት።

ሲጠሩት እዚያ አልነበርኩም። በወሎ ወግ ሽማግሌ ነው የተላከው። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ሄደው፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጥቶ ነው ያለቀው ይባላል። ጋሼ ካሳ አቀረቡ። ሰውየው ካሳውን አልፈልግም አለ አሉ። ያሰናበቱበትን ምክንያት የሰማው ሁሉ በተሰበሰበበት «ተሳስቼ ነው» እንዲሉለት ብቻ ጠየቀ። አሉ። ማክሰኞ ሁለቱ አብረው ማዕከሉ ሄደው ግማሽ ቀን ተሰልፈው ሲሙን አዛወሩ። ከዚያም ሲሙ ላይ ፒን አደረግንበት፣ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ የሚጠይቅ። የቴሌብሩን ፒን ቀየርን፣ የልጃቸው የልደት ዓመት ነበርና።

ዋጋ አሁን በሲግናል ነው የሚሄደው፣ መልእክቱ በሳምንት እንዲጠፋ አድርገን። አንዱ ወኪል ግን ሲግናል ጫን ብንለውም እንቢ አለ። እሱን ይደውሉለታል። ተራ ጥሪ ለቴሌኮሙ የተደበቀ አይደለም። ለማሾ ዋጋ ግን ይበቃል።

ፒክስሉ

ጥቁሩን ስልክ ግን መተው ነበረባቸው። እኔም ፒክስል መከርኩ። ግራፊንኦኤስን ልጭንላቸው ቋምጬ ነበር፣ አልዋሽም፣ ግማሹ ለራሴ ጉጉት ነው። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ሰው ያገለገለ ፒክስል 7ኤ ነበረው። ንጹሕ ነው። ገዙት።

ሱቄ ወስጄ ቡትሎደሩን ልከፍት ስል የምትነካዋ ማብሪያ ደብዝዛለች። አትነካም። ኢንተርኔት አገናኘሁት፣ ፎርማት አደረግሁት፣ ያው ነው። ቀፎው በአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም በኩል የተሸጠ ሆኖ ተገኘ፣ እነዚያ ቀፎዎች ደግሞ ቡትሎደራቸው እንዳይከፈት ተደርገው ነው የሚሸጡት። ለሲም ክፍት መሆንና ለቡትሎደር ክፍት መሆን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሻጩ «አንሎክድ ነው» ያለው ስለ ሲሙ ነው፣ እውነቱን ነው። ሳልፈትሽ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ያገለገለ ፒክስል ለዚህ ጉዳይ የምትገዙ ሰዎች ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት የዴቨሎፐር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የምትለዋ መነካቷን እዩ።

ጋሼ አልከፋቸውም። ተራው ፒክስል ራሱ እስከ ግንቦት 2020 በእኛ አቆጣጠር አፕዴት ያገኛል። ሲነሳ ብርቱካን የለም። የባንክ አፖቻቸውም ያለ ጭቅጭቅ ይሠራሉ። ግራፊንኦኤስ ላይ አንዳንድ የባንክ አፕ የጎግልን ማረጋገጫ አጣሁ ብሎ እንቢ ይላል፣ ለነጋዴ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ሳስበው ለእሳቸው ይኼው ይሻላል። ለጋዜጠኛ ቢሆን ሌላ ቀፎ ፈልግ እል ነበር።

አሁን አርብ አርብ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከፍተው ያያሉ፣ ልማድ ሆኖባቸዋል። ፒክስሉን በጀመሩ በሁለተኛው አርብ ሱቄ እየሮጡ መጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አንተ ልጅ! ደግሞ ሌላ ሰው ገብቷል!»

«ማን ጋሼ?»

መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ራቅ አድርገው አነበቡልኝ። «ጎግል ፒክስል... 7... ኤ» አሉ። ከዚያ በእጃቸው የያዙትን ስልክ ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩ።